የመሬትን መናወጥ የሚሰማ የመስታወት ክር



በሩቅ አገር ካለ ወዳጃችሁ ጋር በስልክ ስትነጋገሩ፥ ቃላችሁን ባሕር የሚያሻግረው ብዙውን ጊዜ እንደ ጠጕር የቀጠነ የመስታወት ክር ነው። ክሩ ኦፕቲካል ፋይበር ይባላል፤ በውስጡም የሚመላለሰው ብርሃን ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ግን መልእክት ስለ ማድረሱ ሳይኾን፥ የመሬትን መናወጥ ስለ መስማቱ ነው።

ብርሃን እንደ ሐይቅ ውሃ ሞገድ አለው። ሁለት ሞገዶች ሲገናኙ ከፍታው ከከፍታው ጋር ቢገጥም ብርሃኑ ይደምቃል፤ ከፍታው ከዝቅታው ጋር ቢገጥም ግን ይጠፋል። በዚህ መድመቅና መጥፋት የሚለካው መሣሪያ ኢንተርፌሮሜትር ይባላል። እንግዲህ ብርሃኑን በክሩ ልከን ሲመለስ ከመነሻው ብርሃን ጋር ብናጋጥመው፥ ክሩ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ያህል እንኳ ቢለጠጥ ለውጡ ወዲያው ይታወቃል።

ይህ በቀላሉ መነካቱ ንጹሕ ብርሃን ለመላክ ለሚደክሙ ሊቃውንት እንቅፋት ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 መካከለኛውን ኢጣልያ የመታው የመሬት መናወጥ፥ በእንግሊዝ አገር ከቴዲንግተን እስከ ሬዲንግ በሚደርስ የ79 ኪሎ ሜትር ክር ላይ ተመዝግቦ ተገኘ። ጁሴፔ ማራና ባልደረቦቹ ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 ለዓለም አስታወቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ከእንግሊዝ እስከ ካናዳ በአትላንቲክ ወለል የተዘረጋው የ5,860 ኪሎ ሜትር ኬብል የመሬትን መናወጥና የባሕርን ጅረት መስማት እንደሚችል አሳዩ።

እርግጥ ነው፤ ክሩ የተለጠጠው በሙቀት ይኹን በመናወጥ ለይቶ አይናገርም። ሊቃውንቱ የሚለዩት በፍጥነቱ ነው፤ ሙቀት ቀስ ብሎ፥ መናወጥ ግን ፈጥኖ ይመጣልና።

ጥቅሙ ምንድን ነው ትሉ ይኾናል። ከምድር ፊት ከ10 እጅ 7ቱን ያህል የሸፈነው ባሕር ነው፤ የመናወጥ መለኪያዎች ግን አብዛኞቹ በየብስ ላይ ናቸው። ከባሕር ወለል የሚነሣውን ማዕበል ጥቂት ደቂቃ አስቀድሞ ያወቀ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ኰረብታ ይወጣል፤ ያላወቀ ግን በቤቱ ሳለ ይወሰዳል። ቀድሞ የተዘረጋው ኬብል ጆሮ ኾኖ ካገለገለ፥ በጥልቁ ባሕር ሁሉ አዲስ መሣሪያ መትከል ሳያስፈልግ ብዙ ነፍስ ሊድን ይችላል።

ስለዚህ በሥራችሁ መካከል እንቅፋት ሲያጋጥማችሁ፥ ከመጣላችሁ በፊት ምን እንደሚናገር አድምጡት።

ደኅና ሰንብቱ።