የዕድሜ ባለጸጎችና የብር ጽዋቸው

በምድረ ጃፓን መቶ ዓመት ለሞላው ሰው፣ በመስከረም ወር በሚከበረው የአረጋውያን ቀን፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ የምስጋና ደብዳቤና የብር ጽዋ ይበረከትለታል። ይህ ልማድ በ1963 ሲጀመር (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በመላው አገሪቱ መቶ ዓመት የደረሱት የዕድሜ ባለጸጎች 153 ብቻ ስለ ነበሩ፣ ጽዋው ከጥሩ ብር ቢሠራ ግምጃ ቤቱን የሚያጎድል አልነበረም፤ ዛሬ ግን ቁጥራቸው ከ90,000 በልጧል፤ እየበዙ በመሄዳቸውም ከ2016 ወዲህ የሚሰጠው ከላይ ብቻ በብር የተለበጠው ሆኗል። አረጋዊው ጽዋውን በጥርሱ ነክሶ እንደማይመረምረው ሳይታመንበት አልቀረም።

እነዚህ ግን ገና ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ሠራዊት የሆነው ከኋላቸው የሚመጣው ትውልድ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ ከ1947 እስከ 1949 ባሉት ሦስት ዓመታት ብቻ ስምንት ሚሊዮን ያህል ሕፃናት ተወለዱ፤ ወዲያውም አንዲት ሴት በአማካይ ትወልደው የነበረው አራት ተኩል ያህል ልጅ በዐሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት ስለ ወረደ፣ ይህ ትውልድ ለዐቅመ ሥራ ሲደርስ የሚያሳድጋቸው ሕፃናትም የሚጦራቸው ሽማግሎችም ጥቂቶች ሆኑለት። ከ1954 ጀምሮ ከሰሜን ከአኦሞሪ የሚነሣው ልዩ ባቡር መካከለኛ ትምህርት የጨረሱ የዐሥራ አምስት ዓመት የገጠር ልጆችን ወደ ቶኪዮ፣ ወደ ኡዌኖ ጣቢያ ያመላልስ ጀመር፤ ሥራቸው ከመነሣታቸው በፊት ተወስኖ ነበርና፣ ፋብሪካውና ሱቁ እነዚህን ብላቴኖች «የወርቅ እንቁላል» እያለ ይሻማባቸው ነበር።

ያ የወርቅ እንቁላል ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል። ከ2000 ጀምሮ አርባ ዓመት የሞላው ሁሉ ለአረጋውያን መጦሪያ መዋጮ ይከፍላል፤ በ2024 የተወለዱት ጃፓናውያን ሕፃናት ግን 700,000 እንኳ አልሞሉም። በዚያው ዓመት ኦጂ የተባለው የወረቀት ኩባንያ በአገሩ ውስጥ ለሕፃናት ዳይፐር መሥራቱን ትቶ፣ ፊቱን ወደ አዋቂዎች ዳይፐር አዞረ።

ከሕዝቧ ግማሽ ያህሉ ከሃያ ዓመት በታች በሆነባት በኢትዮጵያ፣ ወጣት መብዛቱ ብቻውን እንደ በረከት ሲነገር እሰማለሁ፤ እኔ ግን ጃፓንን የጠቀማት የልጆቹ ብዛት ሳይሆን፣ ሥራው ቀድሟቸው መገኘቱና ከእነርሱ በኋላ የሚወለዱት መቀነሳቸው ይመስለኛል። እኛ ዘንድ ወሊዱ አንድ ወጥ እንኳ አይደለም፤ በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሶማሌ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ ከሰባት በላይ ስትወልድ፣ በአዲስ አበባ ሁለት እንኳ አልሞላም። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ዐዋጅ የወጣው በ2011 ነው፤ ገበሬውና የጉልት ነጋዴዋ ግን ዛሬም ጡረታቸው ልጆቻቸው ናቸው፤ ያ የጉልት ነጋዴዋ ልጅ ደግሞ በአዲስ አበባ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ወደ መሆን ተቃርቧል።