የዓባይ ልጅ ውኃ እንዳይጠማው

የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ስለ ኃይል ቁጠባና ስለ ንጹሕ ትራንስፖርት ለከተማ ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር






ዛሬ የምናገረው ስለ ቆጣሪ፣ ስለ ምጣድ፣ ስለ ወፍጮና ስለ ሚኒባስ ነው። አንዳንድ ወገኖች «በዚህ የኑሮ ውድነት ስለ ኃይል ቁጠባና ስለ መኪና ጭስ ማውራት የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም ወይ?» ይሉናል። ፓርቲያችን ግን ነገሩን የሚያየው በተቃራኒው ነው። የባከነ ኃይል ሁሉ የነጋዴውን ሒሳብ ያንረዋል። ነጋዴው የከፈለውም መልሶ በእንጀራው፣ በዳቦውና በዱቄቱ ዋጋ ላይ ይመጣል። የነዳጁ ዋጋም እንዲሁ በታክሲው ታሪፍ ላይ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ቤቱ ቁጭ ያለው ሸማች ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የኑሮ ጉዳይ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። እንጀራ ጋግረው የሚተዳደሩ እናቶች የሚጠቀሙበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ኃይል ይስባል። ከሥሩና ከዳሩ በቂ የሙቀት መከላከያ ስለሌለው ከሚስበው ኃይል ብዙው እንጀራውን ሳይሆን ወለሉንና አየሩን ያሞቃል። አንድ ባለ 3 ኪሎዋት ተኩል ምጣድ ሳይጠፋ አምስት ሰዓት ቢሠራ 17.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። አንዲት አነስተኛ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር የምትሄደው በዚህን ያህል ኃይል ነው። በወፍጮ ቤትም ያው ነው። ተቃጥሎ ተጠቅልሎ፣ እንደገና ተቃጥሎ እንደገና የተጠቀለለ ሞተር ከአዲሱ ይልቅ ኃይል ይበላል፤ የሚፈጨው ዱቄት ግን አይጨምርም።

ታዲያ ባለ ወፍጮውና እንጀራ ጋጋሪዋ ይህን አያውቁም? በሚገባ ያውቃሉ። ወር በመጣ ቁጥር የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። የሚጎድላቸው ምክር አይደለም። አዲሱን ለመግዛት የሚያስችል ገንዘብና ቢበላሽ፣ መብራት ቢጠፋ ኪሣራውን የሚጋራቸው አካል ነው።

ክቡራትና ክቡራን፤

ያለፈውን ሁሉ ማጥላላት የፓርቲያችን ባሕርይ አይደለም። መልካም የተሠራውን መልካም እንላለን። በ2001 ዓ.ም. ኃይል በፈረቃ ይሰጥ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ሰሞን በነበሩት ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች በአሮጌዎቹ ልዋጭ ለሕዝብ ታድለዋል። ማንም አልተገደደም፣ ማንም አልተቀጣም። አሮጌውን የሰጠ አዲሱን ወሰደ፤ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለ። መንግሥት ሕዝቡን ሲያግዝ ለውጥ እንዴት እንደሚመጣ ያ አሠራር አሳይቶናል።

በጥር 2016 ዓ.ም. ግን የሆነው ሌላ ነው። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሐሳቡን በመሠረቱ አንቃወምም። ነዳጅ ከውጭ በዶላር ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነው፤ ኤሌክትሪካችን ግን በአብዛኛው ከራሳችን ውኃ የሚመነጭ ነው። በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ የተደረገውም የግብር ቅናሽ ተገቢ ነበር። የምንቃወመው ትእዛዙ ከድጋፉ ቀድሞ መምጣቱን ነው። ቅናሹ የሚጠቅመው መኪናውን የመግዛት አቅም ላለው ነው። በአንድ አሮጌ ሚኒባስ ልጆቹን የሚያስተምር ሰው ከዚህ ምን አገኘ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ የመኪናውም፣ የባትሪውም፣ የመለዋወጫውም ዋጋ አብሮ ወጣ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየጊዜው ከፍ እያለ የሚሄድ የአራት ዓመት የኤሌክትሪክ ታሪፍ መጣ። ትእዛዙ ለሁሉም እኩል ደረሰ፤ ሸክሙ ግን እኩል አልተከፋፈለም።

ሌላም ትምህርት አለን። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ደስ ብሎን ተሳፍረናል። በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ጭስ የሌለው፣ ለድሀው ዋጋው የሚመጥን ነበር። ዓመታት ሳይቆጠሩ ግን ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦት የቆሙበት ጊዜ መጣ። ሕዝቡም ተመልሶ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመ። ጥገናውና ባለሙያው ሳይታሰብ የተገዛ ቴክኖሎጂ የአንድ ሰሞን ደስታ ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤

እኔ በሙያዬ የሕግ ሰው ነኝ። በጥብቅና በሠራሁባቸው ዓመታት ከገጠሙኝ ጉዳዮች አንዱ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የዳቦ ቤት ባለቤት የሆነ አንድ ሰው የእንጨት ምድጃውን ትቶ የኤሌክትሪክ መጋገሪያ ለማስገባት ቤቱን አስይዞ ተበደረ። መጋገሪያው ተተከለ፤ ጭሱ ቀረ፤ ጎረቤት መረቀው። በሦስተኛው ወር የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ትራንስፎርመሩ እስኪተካ አራት ወር ወሰደ። ዳቦ ቤቱ ተዘጋ፤ የባንኩ ወለድ ግን አንድ ቀን እንኳ አልቆመም። በመጨረሻም ባንኩ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 በተሰጠው ሥልጣን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ ያለ ፍርድ ቤት ውሳኔ ቤቱን በሐራጅ ሸጠው።

ሰነዶቹን ሁሉ አገላብጬ አነበብኩ። የብድር ውሉ አለ፤ የኃይል አቅርቦት ውሉም አለ። መብራት ለአራት ወር ቢጠፋ ኪሣራው የማን እንደሆነ የሚናገር አንድ መስመር ግን አላገኘሁም። ባንኩ የሕግ ጥፋት አልሠራም። ሰውየውም አላጠፋም፤ እንዲያውም አገር የሚፈልገውን ነው ያደረገው። ሆኖም ቤቱን ያጣው እሱ ብቻ ነው። እንጨት እያነደደ የቀረው ጎረቤቱ ግን ዛሬም ይሠራል። ይህን ያየ ነጋዴ ነገ አዲስ ቴክኖሎጂ ያስገባል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ የመሰማራት መብት ሰጥቶታል። በአንቀጽ 44 ደግሞ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለን። ሁለቱን መብቶች ማስታረቅ የመንግሥት ግዴታ እንጂ የዳቦ ጋጋሪው ዕዳ መሆን የለበትም።

በመሆኑም ፓርቲያችን ሥልጣን በሕዝብ ድምፅ ቢያገኝ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ይፈጽማል።

አንደኛ፤ ለአነስተኛና ለመካከለኛ ድርጅቶች የኃይል አጠቃቀም ምርመራ በነጻ እንዲደረግ እናደርጋለን። የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ከአስተማሪዎቻቸው ጋር ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ጋራዡና ወደ ዳቦ ቤቱ ሄደው ኃይሉ የት እንደሚባክን ለክተው በጽሑፍ ይሰጣሉ። ድርጅቱ ሒሳቡን ያውቃል፤ ተማሪው ሙያ ይቀስማል።

ሁለተኛ፤ ለኃይል ቁጠባ የሚውል ተዘዋዋሪ የብድር ፈንድ በተግባር እናቆማለን። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በተግባር ግን አነስተኛው ነጋዴ ባንክ ሲሄድ የሚጠየቀው «ቤት አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። በእኛ ፈንድ መያዣው ራሱ ማሽኑ ይሆናል። ወርኃዊ ክፍያውም በተቻለ መጠን ከሚቆጠበው የኃይልና የነዳጅ ወጪ እንዳይበልጥ ሆኖ ይሰላል። በኃይል አቅራቢው ምክንያት መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ክፍያውም ወለዱም ይቆማል።

ሦስተኛ፤ የኃይል አቅራቢውና የደንበኛው ግንኙነት የሁለት ወገን ውል ይሆናል። የተቃጠለ ትራንስፎርመር በስንት ቀን እንደሚተካ ተጽፎ ይለጠፋል። ቀኑ ካለፈ ደንበኛው ከሒሳቡ ላይ ካሣ ይታሰብለታል። በሌሊት ለሚጋግር ዳቦ ቤትና በሌሊት ለሚሞላ መኪና ዝቅ ያለ ዋጋ እንዲኖር እናደርጋለን፤ ከተማው ሲተኛ የኃይል ፍላጎት ይቀንሳልና።

አራተኛ፤ በትራንስፖርት በኩል ቅድሚያው ብዙ ሰው ለሚጭነው ነው። የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ከቤት አውቶሞቢል ይቀድማል። ለሚኒባስ ባለንብረቶች በአምፖሉ ጊዜ የተደረገውን እናደርጋለን። አሮጌውን የሰጠ በብድርና በድጎማ አዲሱን ይወስዳል፤ መተኪያ ሳይቀርብለት ግን ማንም ከመንገድ አይባረርም። የባትሪ መሙያ ጣቢያዎች በታክሲ ማዞሪያዎችና በአውቶቡስ መናኸሪያዎች ይተከላሉ። የጥገና ባለሙያና መለዋወጫ ሳይዘጋጅ አንድም ትልቅ ግዥ አይፈጸምም።

አምስተኛ፤ ለምጣድ፣ ለሞተርና ለመጋገሪያ ሁሉም የሚያነበው የኃይል ፍጆታ መለያ እንዲለጠፍ እናደርጋለን። እዚሁ አገር የተሻለ ምጣድ የሚሠሩ ወጣቶች የመሥሪያ ቦታና የመጀመሪያ ገበያ ያገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎችም የመንግሥት ካፊቴሪያዎች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች ይሆናሉ።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በየዓመቱ ለነዳጅ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እናወጣለን። ከዚህ ላይ የሚቆጠበው አንዱ ምንጭ ነው። ሁለተኛው የሚመለሰው ብድር ነው፤ ፈንዱ ተዘዋዋሪ የተባለውም አንዱ የመለሰውን ሌላው ስለሚበደረው ነው። ሦስተኛው የመንግሥት የራሱ ብክነት ነው። ባለሥልጣኑ በሁለት መኪና እየሄደ፣ የቢሮው መብራት ሌሊቱን ሲበራ እያደረ ለእንጀራ ጋጋሪዋ «ቆጥቢ» ማለት አንችልም። ለውጡን ከመንግሥት ግቢ እንጀምራለን፤ በየዓመቱም ምን ያህል እንደተቆጠበ ለምክር ቤት በይፋ ሪፖርት ይቀርባል።

የማንገባውን ቃል ደግሞ በግልጽ ልናገር። የመብራት መቆራረጥን በአንድ ዓመት እናጠፋለን አንልም፤ የመስመርና የትራንስፎርመር ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ለሁሉም በአንድ ጊዜ እናዳርሳለን አንልም። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና መብራት ያላገኘ በመሆኑ ከተማ የሚቆጥበው ኃይል ለእሱም እንዲደርስ የማድረግ ኃላፊነት አለብን። ቃል የምንገባው አደጋውን ከእናንተ ጋር ለመካፈልና በየዓመቱ ሒሳብ ለማቅረብ ነው።

ወገኖቼ፤

የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ሲጀመር ሊስትሮው ሳይቀር ከዕለት ገቢው ቦንድ ገዝቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም እንዳለው ተነግሮናል፤ ኮርተናልም። አባቶቻችን ግን «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላሉ። ግድቡን በገንዘቡ የሠራ ሕዝብ በሻማ ካመሸ፣ ወፍጮው ከቆመ፣ መኪናው የጅቡቲን ቦቴ ከጠበቀ ምሳሌው በእኛ ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን መለወጥ በእጃችሁ ነው። የሌሎችንም ፓርቲዎች ፕሮግራም አንብቡ፣ አወዳድሩ፣ ጠይቁ። ቃል የገባነውን ይህን ጽሑፍም አትጣሉት፤ አስቀምጡት። ብትመርጡን በአምስት ዓመት ውስጥ እያነበባችሁ ትጠይቁናላችሁ። ያን ዳቦ ጋጋሪ ቤቱን ያሳጣው ኃላፊነት የሚወስድ አካል መጥፋቱ ነው። እኛ ኃላፊነቱን በፊርማችን ለመውሰድ ነው ድምፃችሁን የምንጠይቀው።