የጠበበ የልብ ቫልቭ ያላት እናት በሰመመን ሐኪሙ እጅ



ዛሬ የምናገረው ማይትራል ቫልቯ ጠቦ በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ስለተቃረበች እናት ነው። በአገራችን ይህ ጥበት በአብዛኛው የሚመጣው በልጅነት በወጉ ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም ካስከተለው የሩማቲክ ትኩሳት ነው። ትኩሳቱ በቫልቩ ላይ የሚተወው ጠባሳ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖርና በእርግዝና ይገለጣል፤ ልብ የሚረጨው ደም ከ30 እስከ 50 በመቶ ይጨምራልና። ትንፋሽ ሲያጥራት ቤተሰቧ «እርግዝናው ነው» ይላል። እኛ ግን እንዲህ ብለን ማለፍ አይገባንም። በስንት ትራስ ተደግፋ እንደምትተኛ እንጠይቃት፤ ደረቷን እናዳምጥ፤ የልብ አልትራሳውንድ እንዘዝ።

ጤነኛ ማይትራል ቫልቭ ሲከፈት ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። 1.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበቱ ከባድ ነው። በዚያች ቀዳዳ ደም ለማለፍ ጊዜ ይፈልጋል። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ እያንዳንዱ ምት አንድ ሰከንድ ያገኛል፤ 120 ሲደርስ ግማሽ ሰከንድ ብቻ። የሚሸራረፈው ደግሞ በዋናነት ልብ የሚሞላበት ጊዜ ነው። ያላለፈው ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል፤ ሳንባም ውኃ ይቋጥራል።

ስለዚህ የልብ ምት የሚያፈጥኑ ሕመምና ፍርሃት ለዚህች እናት ተራ ነገር አይደሉም። እጇን ይዞ በእርጋታ ማናገር፣ በእኔ እምነት፣ የሕክምናው አካል ነው። ኬታሚን በየሆስፒታላችን ብዙ ሕይወት ያተረፈ መድኃኒት ቢሆንም የልብ ምት ያፈጥናልና ለእርሷ አይመከርም። ሙሉ መጠን ያለው ስፓይናል ሰመመን በአንድ ጊዜ ሲሰጥ የደም ግፊቷን በድንገት ሊጥለው ይችላል። ሁኔታው ከፈቀደ በጥቂት በጥቂቱ የሚጨመር ኤፒዱራል ይሻላል። ግፊቷ ሲወርድም ከኤፈድሪን ይልቅ ፌኒልኤፍሪን ይመረጣል፤ ግፊቱን ከፍ ሲያደርግ ምቱን አያፈጥንም። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲበዛ ሳንባዋን ያጥለቀልቃል፤ ሲያንስም ልቧ አይሞላም። 

ሕፃኑ ተወልዶ ሁሉም እልል ሲል ግን ዓይናችንን ከእናቲቱ አንንቀል። ማሕፀን ሲኮማተር በውስጡ የነበረው ደም ወደ ልቧ ይጎርፋል። ኦክሲቶሲንም ቀስ ተብሎ በጠብታ እንጂ በአንድ ጊዜ አይወጋ። በዚህ ሰዓት ሳንባዋ ውኃ ሊቋጥር ስለሚችል ከቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ በቀጥታ ወደ ተራ ክፍል አትሂድ። የጽኑ ሕሙማን አልጋ፣ ኦክስጅንና የሚከታተላት ነርስ ቀዶ ሕክምናው ሳይጀመር ይዘጋጁላት።