ወደ ሰሜን ተራሮች የሚደረግ የእግር ጉዞ ዝግጅት

ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚመለሱ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሰሜን ተራሮችን በእግር ለማየት ሲያቅዱ ዘወትር የሚያነሡት ጥያቄ ስለ ጫማ፣ ስለ ድንኳንና ስለ ወጪ ቢሆንም፣ የጉዞውን ደኅንነት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ለመንገዱ የሚመደበው የቀን ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ የሆነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አብዛኛው የእግር መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚገኝ፣ ቀን ያጠረበት ተጓዥ የሚከፍለው ዋጋ በጤናው ነው።

በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በቆላም ሆነ በተራራ ጫፍ 21 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ከፍታ በጨመረ ቁጥር የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በዚህም የተነሣ 4,500 ሜትር ላይ የደረሰ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚያገኘው ከ60 በመቶ በታች ይሆናል። ሰውነት ይህን ጉድለት የሚያካክሰው ትንፋሹን በማፋጠንና በኩላሊት በኩል የደሙን የአሲድ ሚዛን በማስተካከል ሲሆን፣ ከፍታን መላመድ የሚባለው ይህ ሂደት ቀናት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ተወላጆች ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነው ሄሞግሎቢን መጠናቸው በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አሳይቷል። ይህ ግኝት የሚያኮራ ቢሆንም፣ በዱባይ፣ በቴል አቪቭ ወይም በዋሽንግተን ዓመታት የኖረ ሰው የደጋ ተወላጅነቱን ተማምኖ የመላመጃ ቀናቱን እንዲቆርጥ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም፤ ከፍታን መላመድ በቆላ ሲኖሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይጠፋልና።

በሐኪሞች ዘንድ የተለመደው መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምርና በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ አንድ ቀን እንዲታረፍ ያዝዛል። የሰሜን መንገድ አቀማመጥ ለዚህ እጅግ የተመቸ ነው፦ በአዲስ አበባና በጎንደር ጥቂት ሌሊት ያደረ ተጓዥ በ2,850 ሜትር ገደማ በምትገኘው ደባርቅ አድሮ፣ ከዚያ ወደ ሳንቃበር 3,250 ሜትር፣ ቀጥሎም ወደ ግጭ 3,600 ሜትር ይደርሳል፤ ከግጭ ተነሥቶ 3,926 ሜትር ከፍታ ያለውን የእሜት ጎጎን ጫፍ ካየ በኋላ ደግሞ ዝቅ ብሎ በጨነቅ ያድራል። ከጎንደር ተነሥቶ በመኪና በአንድ ቀን ጨነቅ የሚገባ ግን ከ1,400 ሜትር በላይ በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የሚታዩበት የከፍታ ሕመም ሊያገኘው እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከተደረሰ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ፣ ማለትም በሰፈሩበት ቦታ ምሽት ላይ በመሆኑ፣ ራት እምቢ ያለ፣ ዝም ያለ ወይም ከሰው የተለየ ተጓዥ ሊታይ ይገባዋል። እንዲህ ያለውን ሰው አንዱን ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገጣጠመ በቀጥታ መስመር እንዲራመድ ማድረግ ቀላል ፈተና ነው፤ የሚንገዳገድ ከሆነ አንጎሉ ማበጥ የጀመረ ሊሆን ይችላል፤ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ደግሞ ሳንባው ፈሳሽ ቋጥሮ ሊሆን ስለሚችል፣ በሁለቱም ሁኔታ ነግቶ እስኪታይ ሳይባል በሌሊትም ቢሆን ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ግድ ነው። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት መላመድን ያፋጥናል፤ ሆኖም ከጉዞው በፊት ሐኪም ሊያዝዘው ይገባል።

ከጨነቅ ወዲያ ጉዞው ባሕርዩን ይለውጣል። ወደ ራስ ዳሸን የሚወስደው መንገድ በቧሂት ተራራ ትከሻ 4,200 ሜትር ገደማ ወጥቶ፣ ወደ መሸሃ ወንዝ ሸለቆ ተወርውሮ፣ በ3,200 ሜትር ገደማ በሚገኘው አምቢቆ ያሳድራል፤ በማግሥቱም ከ1,300 ሜትር በላይ ወጥቶ በዚያው ቀን መመለስን ይጠይቃል። ልብ ሊባል የሚገባው አምቢቆ ላይ የታመመ ሰው ወደ ጨነቅ ለመመለስ ያንኑ ከፍተኛ ማለፊያ እንደገና መውጣት እንዳለበት ነው። ስለዚህ ከአንድ ሳምንት ያነሰ ጊዜ ያለው ተጓዥ ራስ ዳሸንን ለሌላ ጊዜ ቢተወው ይመረጣል፤ ገደሉ፣ ሣሩን በጣቱ እየነጨ የሚበላው ደረተ ቀዩ ጭላዳ፣ በጨነቅ አካባቢ የሚታየው ዋልያና ግዙፉ ጅብራ ሁሉም ከቧሂት ወዲህ ይገኛሉና።

ወቅትን በተመለከተ በውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልዩ ችግር አለባቸው። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያርፉበት ሐምሌና ነሐሴ በሰሜን ዝናቡ የሚበረታበት፣ ጭጋጉ ገደሉን የሚሸፍንበትና መንገዱ የሚጨቀይበት ጊዜ ነው። ምድሩ በአበባ የሚደምቀው ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ሲሆን፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ይሁን እንጂ በገናና በጥምቀት ሰሞን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል፤ በጎንደርም ማረፊያ ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።

የመግቢያ ክፍያ የሚፈጸመው፣ አስጎብኚና ታጣቂ ስካውት የሚመደበው እንዲሁም በቅሎዎችና ባለ በቅሎዎች የሚቀጠሩት ደባርቅ ላይ ነው። በጾም ወቅት የሚጓዙ ሰዎች ስንቁ ከመገዛቱ በፊት የጾም ወይም የፍስክ ምግብ መሆኑን ከምግብ አብሳዩ ጋር ቢነጋገሩ ይበጃል፤ አብረው የሚሄዱት የአካባቢው ሰዎች በአብዛኛው ጿሚዎች ናቸውና።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት በመኖሩ ግን የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቆረጥ የመንገዱን ሁኔታ በደባርቅና በጎንደር ካሉ ሰዎች ማረጋገጥ፣ የሚኖሩበት አገር መንግሥት ያወጣውን የጉዞ ማሳሰቢያም ማንበብ ግዴታ ነው። ማሳሰቢያውን ጥሶ የሄደን ሰው ብዙ የጉዞ መድን ውሎች አይሸፍኑም፤ አንዳንዶቹም ከተወሰነ ከፍታ በላይ ለሚደርስ ጉዳት ስለማይከፍሉ፣ በውሉ ላይ የተጻፈው የሜትር ወሰን ቢያንስ ለእሜት ጎጎ የሚበቃ፣ ራስ ዳሸን ለሚወጣም ከ4,500 በላይ መሆኑ መታየት አለበት።