የታሪክ ሊቃውንት ማኅበርና የደብር መጻሕፍት

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል በሰቆጣ የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቈጥሮ ለመምህሩ ሳይነግርና ሳይታረም በማኅሌት አያቀርበውም። ሰምና ወርቁ ያማረ ቢሆን እንኳ ቤት ቢጎድለው ወይም ምሥጢሩ ከመጽሐፍ ቢርቅ መምህሩ መልሰህ ቍጠር ይለዋል። ተማሪውም በዚህ አያፍርም፤ የታረመ ቅኔ በጉባኤ ፊት አያሳፍርምና።

የታሪክ ሊቃውንት ማኅበር የሚሠራውም ይህንኑ ይመስላል። አንድ ሰው ታሪክ ጽፎ ቢያመጣ ማኅበሩ ወዲያው አያሳትመውም፤ ነገሩን ለሚያውቁ ለሌሎች ሊቃውንት ሰጥቶ ያስመረምረዋል፤ ምስክሩ ከየት እንደ ተገኘም ይጠይቀዋል። ከታረመ በኋላ አሳትሞ ለአባላቱና ለየቤተ መጻሕፍቱ ይልከዋል።

ለዚህ አንድ ምሳሌ ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1846 ዓመት በሎንዶን የሐክሉት ማኅበር ተመሠረተ። አባላቱ በየዓመቱ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ማኅበሩም የጥንት መንገደኞችን መጻሕፍት ያሳትማል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ዓመት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፥ የዋግ ጎረቤት በሆነው በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስንና የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ጻፈ፤ አንባቢ አያምነኝም ብሎ እስኪፈራ ድረስ ተደንቆ ነበር። መጽሐፉ በ1540 ዓመት በሊዝበን ታተመ። የሐክሉት ማኅበርም በ1881 ዓመት በእንግሊዝኛ አወጣው፤ በ1961 ዓመት ደግሞ ሁለት ሊቃውንት የቀድሞውን ትርጕም አርመው፥ ከኢጣልያንኛው ቅጅ ጋር አስተያይተው፥ ዳግመኛ አሳተሙት። ማኅበሩ የገዛ መጽሐፉን ማረሙን እንደ ውርደት አልቈጠረውም።

ነገር ግን የታሪክ ምስክር ከመንገደኛ ብቻ አይገኝም። በኤርትራ ምድር ባለው በደብረ ሊባኖስ ገዳም፥ በወርቀ ወንጌሉ ውስጥ የንጉሥ ላሊበላ የጉልት ቃል ተጽፎ ይገኛል። ኢጣልያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ይህን ጽሕፈት በ1901 ዓመት በሮማ በሊንቼይ አካዳሚ መጽሔት አሳተመው። ቃሉን የጻፈው ካህን ያሰበው ስለ ገዳሙ መሬት ነበር፤ ዛሬ ግን ጽሕፈቱ ለዛጔ ዘመን ታሪክ ምስክር ሆኗል።

የዋግ ሹሞች ትውልዳቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥራሉ። እንግዲህ በሰቆጣና በዋግ ደጋ ባሉ ደብሮች፥ በወንጌልና በገድል ባዶ ቅጠል ላይ የተጻፈ የርስት፥ የስጦታና የዘመን ቃል ቢገኝ ዋጋው ምን ያህል እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል። የኽምራ ቋንቋ ስንኳ በሌዎ ራይኒሽ ተጽፎ በ1884 ዓመት በቪየና አካዳሚ ታትሟል፤ ጽሕፈቱ በጀርመንኛ ስለ ሆነ ግን ባለቋንቋው ሕዝብ አንብቦ ሊያርመው አልቻለም። ባለቤቱ ያልተገኘበት ጉባኤ እርማቱ ጎደሎ ነው።

አባቶች መጽሐፍ ለማሳየት ቢፈሩ አይነቀፉም። በ1868 ዓመት የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ተወስደው በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ገብተዋል። ቢሆንም መሸሸግ ብቻውን መጠበቅ አይደለም፤ እሳትና ምስጥ የተሸሸገውንም ያገኙታል። እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2013 እና በ2014 ዓመት ጦርነት ወደ ዋግ መድረሱም ገና አልተረሳም።

ስለዚህ ለየደብሩ ሦስት ነገር ይገባዋል። መጀመሪያ፥ በዕቃ ቤት ያለው መጽሐፍ ሁሉ ከነስሙ፥ ከነቅጠሉ ቍጥርና ከነዳርቻ ጽሕፈቱ በመዝገብ ይጻፍ። ሁለተኛ፥ ሊቅ መጥቶ ቢጠይቅ መጽሐፉ ከደጀ ሰላም ሳይወጣ፥ ገበዙ ቆሞ ሳለ፥ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ አንዱም ቅጅ ለደብሩ ይቅር። ሦስተኛ፥ የታተመው ወደ ደብሩ ይመለስ፤ ካህናቱም አንብበው ስሕተቱን ጽፈው ይላኩ። በ1963 ዓመት የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአዲስ አበባ ስለሚገኝ፥ የሚላክበት ስፍራ ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም።

ደብር ዘመኑን ቈጥሮ ኢዮቤልዩ የሚያከብረው አስቀድሞ የጻፈና የጠበቀ ሰው ስለ ነበረው ነው። ለሚመጣው ኢዮቤልዩ የሚጽፉና የሚጠብቁ ግን ዛሬ በዚህ ጉባኤ የተሰበሰቡት ናቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።