ኮረሪማ፦ ከጥላ ሥር የሚያፈራ ሀብት



ኮረሪማ የማይገባበት የኢትዮጵያ ማእድ ቤት ጥቂት ነው። በበርበሬው፣ በሚጥሚጣው፣ በንጥር ቅቤው፣ አልፎ አልፎም በቡናው ውስጥ ይጨመራል። ይሁን እንጂ ፍሬውን ከገበያ ገዝቶ የሚወቅጠው ሰው ብዙ ሲሆን፣ ተክሉን በበቀለበት ሥፍራ አይቶ የሚለየው ግን ጥቂት ነው። ይህ አለማወቅ ለመሐንዲስ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መንገድ የሚቀይስ ወይም የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጋ ባለሙያ በደቡብ ምዕራብ ደኖች ሲያልፍ ዓይኑ የሚያርፈው በትልልቁ ዛፍ ላይ ነው፤ ከዛፉ ሥር ያለው ለምለም ቅጠል ተራ ቁጥቋጦ መስሎት ሊያልፈው ይችላል።

ኮረሪማ የዝንጅብልና የእርድ ዘመድ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ አፍራሞሙም ኮሮሪማ ሲሆን፣ ይህን ስያሜ የሰጠው ያንሰን የተባለው የእጽዋት ተመራማሪ ስለ ኢትዮጵያ ቅመማ ቅመምና የመድኃኒት እጽዋት ያካሄደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1981 በኔዘርላንድ ታትሟል።

ተክሉ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይረዝማል። ግንድ መስሎ የሚታየው ክፍል በአብዛኛው እርስ በርስ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው፤ እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች እየተሳበ ይሄዳል። ቅጠሎቹም በግራና በቀኝ በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ። ጀማሪው የሚሳሳተው አበባውን ከጫፍ ሲፈልግ ነው። የኮረሪማ አበባ የሚወጣው ከቅጠላማው ዘንግ ተለይቶ፣ በአጭር አገዳ ላይ፣ ከመሬት አጠገብ ነው፤ ቀለሙም ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ነው። ስለዚህ ኮረሪማን ለመለየት የሚሻ ሰው ጎንበስ ማለት ይኖርበታል።

ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ ሆኖ ሲበስል ደማቅ ቀይ ይሆናል። ውስጡ በሦስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ በየክፍሉ ብዙ ጥቃቅን ቡናማ ዘሮች ይገኛሉ። ከደቡብ ሕንድ ከሚመነጨው ከሄል ጋር የሚያደናግረው ሰው መጠኑን ይመልከት፤ ሄል ትንሽና ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሲሆን፣ የደረቀው ኮረሪማ ግን ከእርሱ የሚበልጥና ቡናማ ነው። ገበሬው ፍሬውን በስቶ በገመድ ሰክቶ የማድረቅ ልማድ ስላለው፣ በገበያ ላይ ብዙውን ጊዜ ቀዳዳ ይታይበታል።

ኮረሪማን ማልማት በጥላ ይጀምራል። ተስማሚው ሥፍራ ከ1300 እስከ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ዝናብ የማያጣና ቅጠላ ቅጠል የበሰበሰበት አፈር ነው። ቡቃያ ያለው የመሬት ውስጥ ግንድ ተቆርጦ በዝናብ መግቢያ ይተከላል። በዚህ መንገድ የተተከለው ከ2 እስከ 3 ዓመት ያህል ቆይቶ ሲያፈራ፣ ከዘር የበቀለው ግን ከ3 እስከ 5 ዓመት ሊወስድ ይችላል። ተሳቢው ግንድ ከመሬት ወለል ብዙ ስለማይርቅ አረሙ በጥንቃቄ በእጅ ቢነቀል ይመረጣል።

በከፋ ደን ውስጥ ቡናና ኮረሪማ በአንድ ጥላ ሥር ይኖራሉ። ይህም ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ተመዝግቧል። የጥብቅ ክልል ስም በሌለው ደን ውስጥ ግን ዛፉ በተቆረጠ ጊዜ ፀሐዩ በቀጥታ ይወርዳል፣ እርጥበቱ ይተናል፣ ኮረሪማውም ይመነምናል። ለዛፉ ካሣ የተከፈለው ገበሬ ከዛፉ ሥር በየዓመቱ ይለቅመው የነበረው ቅመም ሳይቆጠርለት ቢቀር፣ ጉዳቱ በሂሳብ መዝገብ ላይ አይታይም፤ በቤቱ ግን ይታያል።

ስለሆነም የደን መሬት የሚቀይስ መሐንዲስ ችካል ከመምታቱ በፊት የአካባቢውን ገበሬ ይዞ ከዛፉ ሥር ያለውን ቢያይና ቢመዘግብ፣ መስመሩንም ጥቂት ማዞር ይቻል እንደሆነ ቢመረምር፣ የሙያው ግዴታ ነው እንጂ ውለታ አይደለም። የኮረሪማን ሥር ነቅሎ ወደ ሌላ ሥፍራ መትከል ይቻላል፤ የአርባና የሃምሳ ዓመት ጥላ ግን ተነቅሎ አይተከልም።