የአሮጌ ሞተር ሳይክል ሕክምና

(በባቻችን የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ በጥቂቱ ተስተካክሎ)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ "እባክሽ ስለ ሕክምና እንዳታወሪ፤ እሱን የሚያወራ ሞልቶናል" አለኝ። እሺ ብያለሁ። ከሥራ ውጭ ጊዜዬንም ገንዘቤንም ስለሚበላው ነገር ላወራ ነው፦ ስለ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች። ይህን ስል ፊታችሁ ላይ የማየውን ነገር አውቀዋለሁ። እናቴም ስትሰማ እንደዚያው ነው የሆነችው። "አንቺ ድንገተኛ ክፍል የምትሠሪ ሐኪም፣ ሞተር ሰውን ምን እንደሚያደርግ በየቀኑ እያየሽ?" አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። መልሴን ግን ወደ መጨረሻ ላቆየው፤ መጀመሪያ ዕድሜዋ እንዴት እንደሚለይ፣ እንዴት እንደምትገዛና እንደምትጠገን ካልነገርኳችሁ መልሱ አይገባም።

የምኖረው እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ነው። ከበርሚንግሃም ወደ ኮቨንትሪ ስትሄዱ መሀል ላይ ሜሪደን የምትባል መንደር አለች። የትሪየምፍ ፋብሪካ ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ አብሮ ወደመ። በ1942 ሜሪደን ላይ አዲስ ፋብሪካ ተከፈተ፤ በ1983 ተዘጋ። ዛሬ ቦታው የመኖሪያ ሰፈር ነው። አንዱ መንገድ "ቦንቪል" ይባላል፤ በዝነኛዋ ሞተር ሳይክላቸው ስም። የኔዋ የቦንቪል እህት ናት፤ ትሪየምፍ ቲአር 6፣ 649 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ ባለ አንድ ካርቡሬተር። የ1970 ሞዴል።

1970 መሆኗን በምን አወቅሽ? በሉኝ። መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው፦ ዕድሜዋን ከሻጩ አፍ አትቀበሉ፤ ከገላዋ አንብቡ። የሞተር ቁጥሩ በግራ በኩል ከሲሊንደሩ ሥር ተመትቷል። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ መሪው በሚገባበት አንገት ላይ፣ አሁንም በግራ። ከ1969 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ በሁለት ፊደል ይጀምራል። የመጀመሪያው ፊደል ወሩ ነው፣ ሁለተኛው የሞዴሉ ዓመት። ለወሮቹ ከኤ እስከ ኤክስ አሥራ ሁለት ፊደል መርጠዋል፦ ኤ ጃንዋሪ፣ ቢ ፌብሩዋሪ እያለ ይሄድና ጄ ኦገስት፣ ኬ ሴፕቴምበር፣ ኤን ኦክቶበር፣ ፒ ኖቬምበር፣ ኤክስ ዲሴምበር ይሆናል። በመሀል የተዘለሉ ፊደሎች አሉ፤ አይ እና ኦ ለምሳሌ የሉም፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር ይምታታሉና። ለዓመቱም እነዚያው ፊደሎች ናቸው፦ ሲ 1969፣ ዲ 1970፣ ኢ 1971፣ ጂ 1972 እያለ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ፈረንጆቹ ሲደናገሩ አይቻለሁ፤ እኛ ግን አንደናገርም። የኔዋ ላይ የተመታው "ኬዲ" ነው። ኬ ሴፕቴምበር፣ ዲ 1970። ነገር ግን የተሠራችው በሴፕቴምበር 1969 ነው! ምክንያቱም የፋብሪካው ዓመት የሚለወጠው በጃንዋሪ ሳይሆን ክረምታችን ሲያልቅ፣ በኦገስት አካባቢ ነበር። አሮጌው ሞዴል ያበቃል፣ አዲሱ ይገባል። በቃ እንቁጣጣሽ ነው'ኮ! በኛ አቆጣጠር መስከረም 1962 ግድም መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ጓደኞቼ በሰንጠረዥ የሚያሰሉትን እኔ በልማድ አገኘሁት።

ሌላው ነገር የምዝገባ ቀን የልደት ቀን አለመሆኑ ነው። ብዙ ትሪየምፎች በዚያን ጊዜ ወደ አሜሪካ ተልከው፣ ከስንት ዓመት በኋላ ተመልሰው እንግሊዝ ገብተዋል። መዝገቡ ላይ ያለው ቀን ሌላ፣ ብረቱ ላይ ያለው ሌላ ይሆናል። ፓስፖርታቸው ላይ ሁሉም "ጃንዋሪ 1" የተወለዱ የሚመስሉ የአገራችን ልጆችን ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ ማለት ነው። ጥርጣሬ ካለ ቪንቴጅ ሞተር ሳይክል ክለብ የሚባል በ1946 የተመሠረተ ማኅበር የፋብሪካ መዝገቦችን ይዟል፤ ቁጥሩን አይቶ፣ ከፍላችሁ፣ የዕድሜ ማረጋገጫ ይሰጣችኋል።

ቁጥር ደግሞ ይጭበረበራል። ትሪየምፍ በ1969 ገደማ ቁጥሩ የሚመታበትን ቦታ ጥቃቅን የትሪየምፍ አርማዎች ከፍ ከፍ ብለው የወጡበት አደረገው። ቁጥሩን ሞርዶ ሌላ የሚመታ ሰው አርማዎቹንም አብሮ ይሞርዳል። የኔዋን ከማግኘቴ በፊት አንዲት የምታብረቀርቅ ሞተር ሳይክል ለማየት ሁለት ሰዓት ነድቼ ሄጄ ነበር። ሻጩ ደግ ሰው ነበር፣ ሻይ አፈላልኝ። ባትሪዬን አብርቼ ቁጥሩ ላይ ስጠጋ ብረቱ እንደ መስታወት ልስልስ ብሏል፤ አርማ የለም፤ ቁጥሮቹም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለዋል። ሻዬን ጨርሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ቁጥሩ የተነካ ሞተር ሳይክል የተሰረቀ ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም እንኳ ከሁለት ሬሳ ተገጣጥሞ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ክርክር የለም።

አሁን ወደ ግዢው። ለኛ ለሐኪሞች ይህ ክፍል ቀላል ነው፤ ታሪክ መውሰድና መመርመር ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ለሻጩ "እባክዎ እስክመጣ አያስነሷት" በሉት። ስትደርሱ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት ሻጩ ሊነግራችሁ ያልፈለገው ነገር አለ ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ ነው እውነቱን የሚናገረው። ስትነሳ ብዙ ሰማያዊ ጭስ ብታወጣ ወዲያው አትደንግጡ፤ ብዙ ቀን ስትቆም ዘይቱ ከታንኩ ወርዶ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያ ተቃጥሎ ያልቃል። ጭሱ ካላቆመ ግን ፋሻው አልቋል። (እኛ ጋ ፋሻ ቁስል ይታሰርበታል፤ ጋራዥ ውስጥ ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት ነው። አባቶቻችን መካኒኮች ቃላቱን ከጣሊያን ወስደው እንግሊዝ የሠራውንም በዚያው ጠገኑት።)

ቀጥሎ የዘይት ታንኩን ክዳን ክፈቱና ውስጡን እዩ። ሞተሩ እየሠራ ዘይቱ በመመለሻው ቱቦ ቱፍ ቱፍ እያለ መውጣት አለበት። እሱ የደም ዝውውሯ ነው፤ ካልታየ ወዲያው አጥፏት። ከዚያ ጎማውን እዩ። ይህንን መኪና ያላችሁም ስሙኝ፦ ጎማ ጎን ላይ "ዶት" ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2309 ካለ በ2009 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማው ሞቷል። ዛሬ ማታ ስትወጡ የራሳችሁን መኪና ጎማ እዩልኝ።

ገዛኋት። ስገዛት አትነሳም ነበር፤ አውቄ ነው የገዛኋት፣ ቁጥሯ ንጹሕ ስለነበር። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ጥገናውን በዝርዝር ብነግራችሁ እራት ይቀዘቅዛል፤ ከባድ የሆኑብኝን ብቻ ልበል።

አንደኛው መፍቻ ነው። የድሮ እንግሊዝ ዳዶዎች ዊትዎርዝ በሚባል ልክ ነው የሚሠሩት፤ መፍቻው ላይ የተጻፈው ቁጥር የዳዶውን ስፋት ሳይሆን የቡሎኑን ውፍረት ነው የሚናገረው። ከ1969 አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ፋብሪካው ወደ ሌላ ልክ መቀየር ጀመረ፤ ስለዚህ አንዷ ሞተር ሳይክል ላይ ሁለቱም አለ። የቤታችንን የሚሊሜትር መፍቻ ይዞ የገባ ሰው ዳዶውን ክብ አድርጎት ይወጣል።

ሁለተኛው ኤሌክትሪኩ ነው። የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው፤ ዛሬ ከምናውቀው በተቃራኒ። ልቡ በቀኝ በኩል ያለ በሽተኛ አስቡት። ምንም ችግር የለበትም፤ ችግር የሚመጣው ሳያውቅ የሚገባ ሐኪም ሲመጣ ነው።

ሦስተኛው ክራንኩ ውስጥ ያለው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቱቦ ነው። ሞተሩ ሲሽከረከር በዘይቱ ውስጥ ያለው ደቃቅ ቆሻሻ እየተወረወረ እዚያ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ ዘይት ወደ ኩሽኔታዎቹ አይደርስም። ከውጭ በፍጹም አይታይም። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ካልተበተነ አይደረስበትም። "ሞተሩ ተጠግኗል" የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ "ቱቦው ተጠርጓል?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ከመልሱ ሁሉን ታውቃላችሁ። የኔዋ ቱቦ እንደ ጭቃ የጠነከረ ነገር ጢም ብሎ ሞልቶት ነበር። ዝም ብዬ ባስነሳት ኖሮ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳ ትሞት ነበር።

ቀለሟን ግን አልነካሁትም። ተልጧል፣ ደብዝዟል፤ ይሁን። ከፋብሪካ ይዛው የወጣችው ቀለም አንዴ ከተላጠ ሁለተኛ አይገኝም፤ ሌላውን ሁሉ በገንዘብ ይገዙታል። ሁሉን ካላሳመርኩ ማለት ሁሉን ካላከምኩ እንደ ማለት ነው፤ ጉዳቱን ሁላችንም አይተናል። ደግሞም የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ በደረቁ አሸዋ ወረቀት የሚፈገፍግ ሰው አቧራውን ይበላዋል። የድሮ የፍሬን ሸራም አስቤስቶስ አለው። ጋራዦቻችን ውስጥ የፍሬን ከበሮ ከፍቶ በኮምፕሬሰር እፍ ማለት የተለመደ ነው። ሜሶቴሊዮማ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግራችሁም። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ሠፈራችሁ ላለው መካኒክም ንገሩልኝ።

ታዲያ ለምን? የእናቴ ጥያቄ።

በ2020 እኛ የነበርንበትን ክፍል ልገልጽላችሁ አልሞክርም፤ ብዙዎቻችሁም በየአላችሁበት አይታችሁታል። የምናውቀውን ሁሉ አድርገን የማይመለስ ሰው በዛ። ሌሊቱ ያልቃል እንጂ ሥራው አያልቅም። በቀጣዩ ዓመት ይህችን ብረት ገዛኋት። ሦስት ሰዓት ሠርቼ አንድ ካርቡሬተር ከጸዳ፣ ጸዳ። ነገ ሳገኘው እንዳስቀመጥኩት ነው። ያልነበረ ነገር ተነስቶ ሲሠራ በጆሮዬ እሰማለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ሥራዬን እንዳልለቅ ያደረገኝ አንዱ ነገር ይህ ነው። ከመካከላችን ሥራውን የለቀቁ፣ ከዚያም የባሰ ላይ የደረሱ አሉና ይህንን እንደ ቀልድ አልናገረውም። ሁላችሁም ሞተር ሳይክል ግዙ አልላችሁም። ግን እጃችሁ ጀምሮ የሚጨርሰው አንድ ነገር ይኑራችሁ፤ አትክልት ይሁን፣ እንጨት ይሁን፣ ክራር ይሁን።

ስለ መንዳቱ ደግሞ። እነዳታለሁ፤ ግን በሕግ ነው የምነዳት። ማርሿ በቀኝ እግር ነው፣ የእግር ፍሬኗ በግራ፤ ከዛሬዎቹ ተገላቢጦሽ። ድንገት ስትደነግጡ እግር የለመደውን ነው የሚረግጠው፤ ስለዚህ እግሬ እስኪለምድ ድረስ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻ ሳምንታት ተለማመድኩ። ከበሮ ፍሬን ዘግይቶ ነው የሚያቆመውና ርቀቴን እጠብቃለሁ። በማታ አልነዳም፣ በዝናብ አልነዳም፣ ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ አልነዳም። እንግሊዝ አገር ከ40 ዓመት በላይ የሆናት ሞተር ሳይክል ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ ናት፤ እኔ ግን በየዓመቱ በፈቃዴ አስመረምራታለሁ። የራስ ቁሬ ደግሞ አሮጌ አይደለም። ያምራል ተብሎ የድሮ የራስ ቁር የሚደረግ አይምሰላችሁ፤ አሮጌ መሆን ያለባት ሞተሯ ብቻ ናት።

እዚህ ላይ ሐኪምነቴን ፍቀዱልኝ። በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ የራስ ቁር የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እንዲህ የሚያደርግ መድኃኒት ቢኖረን ስንት እንከፍልበት ነበር? ሐዋሳም ባሕር ዳርም ጋምቤላም የምትሠሩ ባቾቼ፣ በየቀኑ የምታክሙት ልጅ ሞተር የሚነዳው እንደኔ ለመዝናናት ሳይሆን ለእንጀራው ነው። ስፌቱን ስትጨርሱ የራስ ቁሩንም እዘዙለት። ከኋላ ለተቀመጠውም ጭምር።

የመጨረሻ ልመናዬ አለ። በወላጆቻችሁ ጓሮ ሸራ ለብሳ የቆመች ቬስፓ ያለቻችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለቆራሌው ከመሸጣችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሯን ጠርጋችሁ አንብቡት። ቪቢቢ1ቲ ብሎ ከጀመረ ከ1960 እስከ 1962 የተሠራች ባለ 150 ሲሲ ናት። ሊብሬዋንም ፈልጋችሁ አስቀምጡ፤ ያለ ሊብሬ ብረት ናት፣ ከነሊብሬዋ የአባታችሁ ወጣትነት ናት። ቁጥሩን ማንበብ ካቃታችሁ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ፤ በነጻ አያለሁ። እስካሁን በነጻ የማማክረው ይህንን ብቻ ነው።

እራታችሁን በሉ።